ገደኛ ብዕርና የታረመ ረቂቅ፦ የአንድ ድርሰት ሥልጠና ግምገማ

ስምንት ሳምንት የሚፈጅ የበይነ መረብ የድርሰት ሥልጠና ተከታትዬ በቅርቡ ጨርሻለሁ። አዘጋጆቹን በስም አልጠራቸውም፤ የምነቅፍባቸው ነገር ድርሰት እናስተምራለን የሚሉ ብዙዎች የሚጋሩት ነውና። ሥልጠናው በየሳምንቱ ሁለት የተቀዱ ትምህርቶች፣ አንድ የቀጥታ ውይይትና አንድ የጽሑፍ ሥራ አለው፤ ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ሠልጣኙ የሚልከው ረቂቅ በአርታኢ ታርሞ ይመለስለታል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ባይኖር ምንም አይጎድልብንም ነበር፤ ሁለተኛው ግን ለብቻው ቢሸጥ እንኳ ደግሜ እመዘገብበታለሁ።

ገና ትምህርቱ ሳይጀመር አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ብዕር በፖስታ ይደርሳል። ብዕሩ የታሪኩን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ በቀር ለሌላ ነገር እንዳይውል የሚያሳስብ ወረቀትም አብሮ ታሽጓል። ቀጥለው የሚመጡት አራት ሳምንታት የዚሁ የወረቀቱ ማብራሪያ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ሁልጊዜ በአንድ ወንበር መቀመጥ፣ ሻማ ማብራት፣ ታሪኩ ተጽፎ እስኪያልቅ ለማንም አለመንገር። አሠልጣኙ ጥሩ ተራኪ ስለሆነ ትምህርቱ አይሰለችም። ጀርመናዊው ባለቅኔ ሺለር በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የበሰበሰ ፖም ያስቀምጥ እንደነበር፣ አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ የጥንቸል እግር በኪሱ ይዞ ይዞር እንደነበር፣ የአገሩ ልጅ ደራሲው ትሩማን ካፖቴ ዓርብ ቀን ሥራ እንደማይጀምርና እንደማይጨርስ፣ ቺሊያዊቷ ደራሲ ኢዛቤል አየንዴም መጻሕፍቷን ጃንዋሪ 8 ቀን እንደምትጀምር እያዋዛ ይነግረናል።

እነዚህ ታሪኮች ሐሰት አይደሉም፤ ችግሩ ግማሻቸው መቅረቱ ነው። አየንዴ በዚያ ቀን ከጀመረች በኋላ ለወራት በሯን ዘግታ ትሠራለች፤ ቀኑ የሚጠቅማት ከመጀመር የሚያመልጥ ሰበብ ስለሚያሳጣት ይመስለኛል። ሄሚንግዌይም እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመ ቃለ ምልልሱ የአንድ ልቦለዱን የመጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ እንደገና እንደጻፈው ተናግሯል። የጥንቸሉ እግር በትምህርቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል፤ ሠላሳ ዘጠኙ ግን አንድ ጊዜም አልተነሣም።

በሦስተኛው ሳምንት የቀጥታ ውይይት ላይ አሠልጣኙ ገደኛ ዕቃ በእርግጥ እንደሚሠራ ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ጠቀሰ። በጥናቱ መሠረት፣ የያዙት የጎልፍ ኳስ ገደኛ መሆኑ የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። እኔም ይኸው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ተሳታፊዎች ይዞ ሲደገም ልዩነቱ እንዳልታየ ጽፌ ጠየቅሁ። ጥያቄዬ ተነበበ፤ መልስ ግን ሳይሰጠው ወደሚቀጥለው ርዕስ ታለፈ።

በእኔ ግምት ለደራሲዎች አጉል እምነት የተሻለው ማብራሪያ የሚገኘው የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው የርግቦች ሙከራ ውስጥ ነው። ርግቦቹ ምንም ቢያደርጉ ምን፣ ምግቡ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ብቻ ይቀርብላቸው ነበር፤ ሆኖም አብዛኞቹ ምግቡ ሲመጣ በአጋጣሚ ሲያደርጉት የነበረውን፣ አንዷ መሽከርከሯን፣ ሌላዋ ራሷን መወዝወዟን፣ ምግቡን ያመጣው እሱ ይመስል መላልሰው ማድረግ ጀመሩ። የደራሲም ኑሮ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ረቂቁን ይልካል፤ መልሱ ከወራት በኋላ ይመጣል፤ አሳታሚው ለምን እንደተቀበለ ወይም ለምን እንደመለሰ አብዛኛውን ጊዜ አይነገረውም። ምክንያቱ የተሰወረበት ሰው ደግሞ በእጁ ላይ ያለውን ብዕር፣ የተቀመጠበትን ወንበር፣ የላከበትን ቀን ምክንያት ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ስለዚህ በብዕሩ ላይ ብዙ ቂም የለኝም፤ እንዲያውም እስካሁን እጽፍበታለሁ፣ ቀለሙ መልካም ነው። የሚያስከፍሉት አጉል እምነቶች እምነት የማይመስሉት ናቸው። አንደኛው ተመስጦ ሳይመጣ መጻፍ አይገባም የሚለው ነው። ሥልጠናው ይህን «የውስጥ ዝግጁነት» በሚል ጨዋ ስም አንድ ሙሉ ሳምንት አስተምሮታል፤ በዚያም ሳምንት፣ እኔን ጨምሮ፣ ከቡድናችን አብዛኛው ሰው ዝግጁነቱን ሲጠባበቅ አንድ ገጽ እንኳ ሳይጽፍ ቀረ። በአንጻሩ እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ በፖስታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ፣ ማለዳ ተነሥቶ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር፤ በዚህም አኳኋን 47 ልቦለዶች ጽፏል። ይህን የገለጸበት የሕይወት ታሪኩ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲታተም ቅር የተሰኙ አንባቢዎች ነበሩ። አጉል እምነቱ የደራሲዎች ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ አንባቢም መጽሐፉ በሰዓት ተለክቶ ሳይሆን ከላይ ወርዶ የተጻፈ እንዲሆንለት ይሻል።

ሌላው መጀመሪያ የወጣው ረቂቅ ነፍስ ያለው ነው፣ እርማት ይገድለዋል የሚለው ነው። ይህን እኔም በልቤ አምነው ነበር፤ ያስጣለኝም አምስተኛው ሳምንት ነው። የላክሁት አሥራ አንድ ገጽ አጭር ልቦለድ ከስልሳ በላይ ምልክት ተደርጎበት ተመለሰ። አርታኢዋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች በአንድ መስመር ሰርዛ «ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ነው» ብላ በሦስተኛው ገጽ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ጽፋለች። ገጸ ባሕርያቴ በተናገሩ ቁጥር «በሐዘን ተውጦ»፣ «በቁጣ እየነደደ» እያልሁ ስሜታቸውን መተርጎሜን አስራ ሰባት ቦታ ላይ አስምራበታለች። አንዱን ዓረፍተ ነገሬን ደግሞ «ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ወጥቶ፣ ቆልፎ፣ ወርዶ» እያለ ማሰሪያ አንቀጹ ጋ እስኪደርስ ዘጠኝ ድርጊት መደርደሩን ቆጥራ፣ ከዘጠኙ ለታሪኩ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ጠይቃኛለች። የሚያስፈልገው «ቆልፎ» ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የራሴን ዓረፍተ ነገሮች ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ማንበብ አልቻልሁም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የእርስ በርስ ንባብም ከጠበቅሁት በላይ ጠቅሞኛል። ሰባት ሠልጣኞች አንዱ የሌላውን ረቂቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ባለቤቱም ዝም ብሎ ይሰማል፤ ማስረዳት አይፈቀድለትም። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ የተበላሸበት ነው ባይባልም፣ በእኔ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጉድለትም አለው። አርታኢዋ አንድን ረቂቅ የምታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሠልጣኙ አርሞ የጻፈውን መልሳ አታነብለትም። ሁለት ጊዜም እርማቱ ከቀጠሮው ሳምንት ዘግይቶ ደርሶኛል። የኅትመት ጉዳይ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት አርባ ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት፣ አብዛኛው በምርቃት አልቋል። አሳታሚ የሚጠይቀውን አቀራረብ አንብቦ መከተል፣ ከረቂቁ ጋር የሚላከውን አጭር መግለጫ መጻፍ፣ የተመለሰውን ሥራ ለሌላ መላክ የሚሉት ነገሮች በስላይድ ላይ ታይተው አለፉ። ዕድል የለም አልልም፤ ረቂቁን ማን እንደሚከፍተው፣ አሳታሚው ባለፈው ወር ምን እንደተቀበለ ከደራሲው እጅ ውጪ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚልክ ግን በእጁ ነው፤ ሥልጠናው በዚህ ላይ አንድ ሳምንት ቢያውል፣ ለሻማው የተሰጠው ሳምንት ይበቃው ነበር።

ከዚህ በፊት ምንም ረቂቅ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ቢመዘገብ፣ እርማቱ ሲደርስ የሚያሳርመው ሥራ ስለማይኖረው፣ ያን ያህል የሚጠቀም አይመስለኝም። በእጁ አሥርም ይሁን ሃያ ገጽ ያለው ሰው ግን፣ ከመክፈሉ በፊት ረቂቁ ስንት ጊዜና በማን እንደሚታረም በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ቪዲዮዎች ሳያይ በቀጥታ ወደ አምስተኛው መሻገር እንደሚቻል እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።