የአባቴን ፔጆ ላዳነልን ኤሌክትሪሻን

ይህን የምጽፈው ምስጋና የሚገባው ሰው ስላለ ነው። ሐረር ውስጥ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሻን አለ። ስሙን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ አልጽፈውም። ሥራውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የአባቴን ፔጆ 404 ታክሲ አድኖልናል።

ሐረርን የረገጠ ሰው እነዚህን መኪኖች ያውቃቸዋል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት፣ ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፈው ሰው የሚጠብቁት አሮጌ ፔጆዎች ናቸው። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያው ፈረንሳይ የተሳፋሪ መኪናው ምርት በ1975 ቆሟል። በመሃሉ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። አቧራና ኮረኮንች የሚፈራ መኪና አይደለም። እኔንና እህቶቼን ያሳደገችን፣ ያስተማረችን የአባቴ 404 ናት። ለዚህ ነው "ሽጣት" የሚል ሰው ቤታችን ውስጥ ሰሚ የማያገኘው።

ባለፈው ጊዜ ግን ነገሯ ሁሉ ተበላሸ። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እያቃሰተ ነው የሚያስነሳት። ማታ የፊት መብራቷ ይደበዝዛል። ድሬ ኮንትራት ወርዳ ስትመለስ ደግሞ፣ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ትፈላለች። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከድሬ ከ1,200 ሜትር ገደማ ትነሱና ደንገጎ ላይ ከ2,000 በላይ ትደርሳላችሁ። አባቴ ዳር ይዞ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ተሳፋሪ እያጉረመረመበት እስክትበርድ ይጠብቃል። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲንገላታ ማየት ያማል።

ጋራዥ አልጎደለብንም። አንዱ ባትሪ ቀይሩ አለ። ሌላው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል አለ። ሦስተኛው ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይከፈት አይቀርም ብሎ ልብ የሚያቆም ዋጋ ጠራ። የቾክ ገመዷ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚሳበው የብረት ገመድ) ሽፋኑ እየቀለጠ በተደጋጋሚ ተቀይሯል። ለምን እንደሚቀልጥ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔን እስካሁን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ዕቃ መቀየር ቀላል ነው፤ ገንዘቡ የባለቤቱ ነዋ።

ይሄኛው ሰው ዘንድ የወሰደን የአባቴ ጓደኛ፣ እሱም የ404 ታክሲ ባለቤት ነው። ኤሌክትሪሻኑ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት በርጩማ አቅርቦ አባቴን አስቀመጠውና ይጠይቀው ጀመር።

"ጋሼ፣ ሜዳ ላይ በደንብ ስትሮጥስ ትሞቃለች?"

"ኧረ ምንም አትልም። ዳገት ላይ ቀስ ስትል ነው።"

"አቦ፣ እንግዲያ ራዲያተሩን ተወው። አየር ነው ያጣችው።"

ነገሩን ሲያስረዳን ገባኝ። ራዲያተር ከተደፈነ በፍጥነት ስትሄድም ትሞቃለች። በፍጥነት ስትሄድ ንፋሱ ራሱ ያበርዳታል፤ ቀስ ስትል ግን ሥራው የቬንትሌተሩ፣ ማለትም የማራገቢያው ነው። የ404 ቬንትሌተር ደግሞ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ መኪኖች እንደነበራቸው ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር አይደለም። መሃሉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለ። ውሃው ሲሞቅ የሙቀት ማብሪያው ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ማግኔቱ ቬንትሌተሩን ይይዘውና በቺንጋ (ቀበቶ) ከሚዞረው ፑሊ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ሲበርድ ይለቀዋል። በዚያ ዘመን ነዳጅ ለመቆጠብ የታሰበ ብልህ ሥራ ነው።

ሞተሩን አጥፍቶ ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ ሽቦ ስቦ የማግኔቱን መስመር ነካው። ዝም። ኤሌክትሪኩን ወደ ማግኔቱ የምታስተላልፈዋን ትንሽ የካርቦን ቁራጭ በጣቱ ጫን አድርጎ እንደገና ነካው። "ቀጭ!" አለ። አባቴ ከበርጩማው ብድግ አለ። ካርቦኗ ተበልታ አልቃ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለውን የማግኔቱን ቀለበት በደንብ አትነካም ነበር። የጥፍር ያህል ነገር ናት። ለሷ ሲባል ነው ቴስታታ ሊከፈት የነበረው!

ከዚያ ወደ መብራቱ ዞረ። ይሄኛው ነው በጣም የገረመኝ። ሞተሩ እየሠራ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር መጀመሪያ ዲናሞው ላይ አደረገ፤ አንዱን ጫፍ መውጫው ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው አካል ላይ። 14.1 ቮልት። ቀጥሎ ባትሪው ላይ። 12.4። ለአባቴ ሁለቱንም ቁጥር አሳየውና "ዲናሞው ሥራውን ይሠራል፤ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው" አለው። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ባትሪው አይሞላም። አዲስ ባትሪ ብንገዛ ኖሮ እሱም ትንሽ ቆይቶ እንደ አሮጌው ይሆን ነበር።

መንገዱ የት እንደተዘጋ ለማወቅ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አደረገና አባቴን "አንዴ አስነሳት" አለው። ከግማሽ ቮልት መብለጥ ያልነበረበት ቁጥር ከ2 አለፈ። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የተገመደ የመዳብ ሽቦ ከላይ ጤነኛ ይመስላል። ሲፈታው ግን ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው መመለሻ ሲያጣ ምን አደረገ? በቾክ ገመዷ በኩል መንገድ አበጀ። ያቺ ምስኪን ገመድ የሞተሪኖውን ሸክም እየተሸከመች ነበር የምትቀልጠው። ይህን ሲነግረን አባቴና እኔ ተያየን። ለነዚያ ሁሉ ገመዶች የከፈልነው ሁለታችንም ትዝ ብሎናል።

ሽቦውን ቀየረ። የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙ ለቆ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። አስሮ ሲጨርስ ዝገት እንዳይመለስ ግሪስ ቀባው። እግረ መንገዱን የሻማውን እሳት የሚቆጣጠረውን ፑንቲና አይቶ የተቃጠለውን ፊቱን አስተካከለ። ባትሪውን አዳር ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ለካው፤ 12.6። ሙሉ ነው፣ ጤነኛ ነው። "ጋሼ፣ ባትሪህን ይዘህ ግባ" ብሎ ሸኘን።

ሂሳቡን ስንጠይቀው "መጀመሪያ ደንገጎን ውጣ" አለው ለአባቴ። አልቀበልም አለ፣ በቃ። አባቴ ድሬ ወርዶ፣ ሰው ጭኖ፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣ። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ቆመ። ዳገቱ ላይ ቬንትሌተሩ ሲይዝ ድምፁን እንደሰማው እየደጋገመ ነግሮናል። የተጠየቅነው ገንዘብ የአንድ ባትሪ ዋጋ ሩቡን አይሞላም። ጨመር ስናደርግለት መለሰልን።

ስለዚህ በሐረር፣ በድሬ፣ በሐረማያ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ 404ም ይሁን 504፣ አሮጌ ላንድሮቨርም ይሁን ቮልስ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ ሰው አሳዩት። ኮምፒውተር ያላቸውን አዳዲስ መኪኖች አይነካም፤ ራሱ "አላውቃቸውም" ብሎ ሌላ ሰው ይጠቁማችኋል። ፈጣንም አይደለም፤ ወረፋ አለው፣ የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርም። ስትሄዱ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ በደንብ አስተውላችሁ ሂዱ። ስትሞቅ ነው ስትበርድ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? መብራት ስታበሩ ይብሳል? የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። የምትችሉ ከሆነ መኪናውን የሚነዳው ሰው ራሱ ይሂድ። የሰው ወሬ ተቀብሎ ሲሠራ አላየሁትም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ አላህ እጅህን ይባርከው። አባቴ አሁንም ፈረስ መጋላ ተራውን ይጠብቃል፣ ድሬም ይወርዳል። እናቴ ደግሞ ቤት መጥተህ ቡና እንድትጠጣ ቀጠሮህን እየጠበቀች ነው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ዓርብ ግን ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍተው።