የድሮ ዳትሰን ዜድ ውስጡን ራሳችሁ ልትሰሩ ያሰባችሁ፣ «ሙሉ ኪት» ከማዘዛችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ ዲሲ ሜሪላንድ ቨርጂኒያ አካባቢ ካለነው ሀበሾች የድሮ መኪና ገዝቶ ራሱ የሚሰራው እየበዛ ስለሆነ እኔ የደረሰብኝ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። መኪናዋ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ ናት፣ የጃፓን ስፖርት መኪና፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ ሞተሯ ምንም አይወጣለትም። ውስጧ ግን አልቆ ነበር፣ ወንበሩ ተቀዷል፣ ስፖንጁ ሲነኩት እንደ በሶ ይበናል፣ ዳሽቦርዱን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል።

እንዲህ አይነት ስራ ከዚህ በፊት ሰርቼ አላውቅም። ኦንላይን ፎቶው በጣም የሚያምር «ሙሉ ኪት» የሚሸጥ አንድ ሻጭ አገኘሁ፣ «ከ1970 እስከ 78 ለሁሉም ዜድ ይሆናል፣ የወንበር ልብስ ስፖንጅ ምንጣፍ የበር ፓኔል ማጣበቂያ ሁሉም አብሮ ይመጣል፣ ማንም ሰው ቅዳሜና እሁድ ይገጥመዋል» ይላል። ዋጋው 1,640 ዶላር፣ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ብር የሚላክበት) ከከፈልክ ደሞ ቅናሽ አለው አለኝና በዜል ላኩለት።

«ለሁሉም ዜድ ይሆናል» የሚል ካያችሁ እዛው ጋ አቁሙ። እዚህ አሜሪካ 240ዜድ የተሸጠው ከ1970 እስከ 73 ነው፣ በ74 260ዜድ መጣ፣ ከዛ እስከ 78 ድረስ 280ዜድ ነው። የ240 እና የ280 ወንበር አንድ አይደለም። 240 ራሱ እኮ መሀል ላይ ተቀይሯል፣ የመጀመሪያዎቹ የኋላ በራቸው ላይ የአየር መውጫ አላቸው፣ በ1971 ውስጥ ግን ወደ ጎን ተዛወረ። ስለዚህ ዕቃ ስታዙ የሞዴሉን ዓመት ብቻ አትንገሩ፣ የሾፌሩ በር ጋ ያለችዋን ትንሽ የብረት ሰሌዳ አንብቡና የተሰራችበትን ወር ጭምር ንገሯቸው። ወሩን የማይጠይቅ ሻጭ መኪናውን አያውቀውም፣ የኔው አልጠየቀኝም።

ሳጥኖቹ ሲመጡ እኔ ወለሉን ገልጬ ዝገት አግኝቼ እሱን እያስበየድኩ ነበር፣ በቃ ሦስት ወር ሳይከፈቱ ቤዝመንት ተቀመጡ። ለካ መመለሻው 14 ቀን ብቻ ነው። ይሄ ስህተት ብዙ ሰው ይሰራዋል፣ ስራውን ሲያስብ መጀመሪያ ዕቃ ያዛል፣ ግን ምንጣፍና ወንበር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ቀድማችሁ ካዘዛችሁም በመጣ ቀን ሁሉንም አውጥታችሁ አሮጌው ላይ ደርባችሁ ለኩት፣ ፎቶ አንሱት።

ወንበሩ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ልብሱን ከብረቱ ጋ የሚይዙት ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች አሉ፣ ሆግ ሪንግ ይሏቸዋል፣ አሮጌዎቹን በፒንሳ እየቆረጥን አወጣን። ቪኒሉ፣ ማለትም ቆዳ የሚመስለው የፕላስቲክ ልብስ፣ እንዲለጠጥ ኮፈኑ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን አንድ ሰዓት ፀሐይ አስመታነው፣ ከዛ ወንድሜ ከላይ እየተጫነ እኔ ከስር ሳብኩ። ስፌቱ የወንበሩ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ሲገባው ሁለት ጣት ሙሉ ቀረው። ትንሽ ጨምሬ ስስብ የመርፌው ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እየሰፉ ውስጡ ያለው ነጭ ጨርቅ ታየ፣ እዛው አቆምኩ። ሻጩ ጋ ደውዬ ስነግረው «አሞቀው፣ ይለጠጣል» ነው ያለኝ። እውነት ነው ቪኒል ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሁለት ጣት ግን አይለጠጥም።

የላከልኝ ስፖንጅ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ስትቀመጡበት ብረቱ ይሰማችኋል። ምንጣፉ ላይ የቀበቶው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ የለም፣ ራስህ ቁረጥ አለኝ፣ ከቆረጥኩ በኋላ ደሞ የተቆረጠ ዕቃ አንመልስም አለኝ። እባካችሁ የቀበቶና የወንበር ብሎን ቀዳዳ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ከስር በካቻቢቴ እየወጋችሁ አግኙት፣ ቀበቶ በግምት አይታሰርም። ማጣበቂያው ተራ ስፕሬይ ነበር፣ ሐምሌ ላይ መስኮት ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ስትውል መሀል ካምቢዮው ላይ የሚለጠፈው የዳይመንድ ቅርጽ ያለው ቪኒል ተላቀቀ። ሙቀት የሚችል ማስቲሽ ለብቻው ግዙ፣ ሁለቱንም ፊት ቀቡ፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ ጠብቃችሁ አገናኙት።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር ለአዲስ መኪና የውስጥ ዕቃ የእሳት መለኪያ አለ፣ ቁጥሩ 302 ይባላል፣ ጨርቁም ስፖንጁም በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ መቃጠል የለበትም። ይሄን ታሟላለህ ወይ ብዬ ሻጩን ስጠይቀው ምን እንደሆነ አያውቅም። ልጄን የማስቀምጥበት ወንበር ነው እኮ! ከመክፈላችሁ በፊት በጽሁፍ ጠይቁ፣ ካልመለሰላችሁ ተዉት።

የብሩን ነገር ባንክ ስጠይቅ ዜል ላይ ራስህ ወደህ የላክኸውን አናስመልስም አሉኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ሳጥኑንም በጊዜው ብከፍት ኖሮ ዕቃው እንደተባለው አይደለም ብዬ መከራከር እችል ነበር፣ ሕጉ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ ስቴትመንት (የካርዱ ወርሃዊ ሂሳብ) ከተላከ በኋላ 60 ቀን ይሰጣል፣ በጽሁፍ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ለካርድ ዋጋ እጨምራለሁ ቢላችሁም በካርድ ክፈሉ። ሙሉውን አንዴ አትግዙ፣ መጀመሪያ የአንድ ወንበር ልብስ ብቻ እዘዙ፣ የቪኒሉን ቁራጭ ናሙና አስልኩ፣ ከልካችሁና ካያችሁ በኋላ ቀሪውን ግዙ።

አሮጌውን ደሞ በፍጹም አትጣሉ። እኔ የበሩን ፓኔልና ምንጣፉን ቆሻሻ ነው ብዬ ጣልኩት፣ ሁሉም ቀዳዳ እዛ ላይ ነበር። የተረፈኝ የወንበሩ ልብስ ነው፣ ስፌቱን በምላጭ ፈትቼ እያንዳንዱን ቁራጭ ካርቶን ላይ አስምሬዋለሁ፣ አሁን የመኪና ወንበር የሚሰፋ ሰውዬ በሱ ልክ እየሰራልኝ ነው። የ72 240 ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ካርቶኑን መጥታችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም።