ለቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ እናት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ምግብ ቤት ወይም ቡና ቤት ያላችሁ፣ ለቤታችሁም ጥሩ ድስትና ጀበና የምትፈልጉ ወገኖቼ፣ ይህችን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ለምሳ ቤቴ የሽሮ ድስት፣ ጀበናና የዕጣን ማጨሻ የሚሠሩልኝን የቀጨኔ እናት በአደባባይ ላመሰግን ፈልጌ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እዚህ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ።

ከሥራቸው ልጀምር። የእትዬ ድስት እሳት ላይ ሲጣድ አይሰነጠቅም፣ አያፈስም። ከጀበናቸው ቡና ሲቀዳ አተላው ተከትሎ አይወርድም። አፈሩን ነፍተው፣ አሮጌ ገል ወቅጠው ቀላቅለው፣ እስኪላላ ድረስ ያቦኩታል። መሽከርከሪያ የላቸውም፤ ከታች እስከ አፉ በእጃቸው ነው የሚያቆሙት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዉታል፣ ፊቱን በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፣ መጨረሻ ላይ ይተኩሱታል። እርጥበቱ ሳይወጣ የተተኮሰ ሸክላ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ስለዚህ እትዬ «ለነገ ይድረስልኝ» ለሚል ደንበኛ እሺ አይሉም፤ በዚህ ነው ያመንኳቸው። ዕቃው መንገድ ላይ ሲሰበር ያለ ክርክር ይተካሉ፣ እንዴት እንደሚሟሽም ለሠራተኞቼ ራሳቸው መጥተው አሳይተዋል።

ይህን የሚያህል ሙያ ይዘው ለረጅም ዘመን በችግር ነው የኖሩት። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ለመተኮሻው እንጨት ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡን የሚያበድራቸው ዕቃውን የሚረከበው ነጋዴ ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሸክላው አይደርቅም፣ መተኮሱም ይከብዳል፣ የቤት ወጪው ግን አይቆምም። ስለዚህ በየዓመቱ ከክረምት የሚወጡት ዕዳ ተሸክመው ነው። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በባንግላዴሽ ጆብራ መንደር ያገኛቸው የቀርከሃ በርጩማ ሠሪ ሴቶችም በዚሁ ገመድ ነበር የታሰሩት፤ የቀርከሃውን ዋጋ ያበደራቸው ነጋዴ በርጩማውን በፈለገው ዋጋ ይወስድባቸው ነበር። የ42 ሰው ዕዳ ሲደመር 27 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዩኑስ ያንን ገንዘብ ከኪሱ አበደራቸው፤ ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጠው የግራሚን ባንክ መነሻም ይኸው ሆነ። ዩኑስና ባንኩ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርተዋል።

የእትዬን ገመድ የፈታው እቁብ ነው። ከጎረቤት ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሆነው ጀመሩ፤ ዕጣው ሲወጣላቸው በበጋ፣ እንጨት ሲረክስ፣ በጅምላ ገዝተው አከማቹ። ከዚያ በኋላ ለነጋዴው የሚመልሱት ብድር ስላልነበረ ዋጋቸውን ራሳቸው መናገር ቻሉ። ዛሬ ሁለት ወጣት ሴቶች እየተከፈላቸው አብረዋቸው ይሠራሉ። ትዕዛዝ የምትቀበለው ሴት ልጃቸው ናት፤ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች፣ ሒሳቡንም በደብተር ትይዛለች።

ስለ ክብር ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን «ቡዳ» እያልን፣ ከእነሱ ጋር ላለመጋባት እየሸሸን፣ እነሱ በሠሩት ምጣድ እንጀራ ስንጋግር፣ በሸመኑት ስንደምቅ የኖርን ሕዝብ ነን። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን እትዬ ልጅ ሳሉም ደርሶባቸዋል። ልጃቸው ዛሬ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» ብላ ለደንበኛ ስትናገር ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። ፍትሕ የምለው ይህንን ነው፤ የሠራችው ሴት የሥራዋን ዋጋ ራሷ ስታገኝና ልጇ በእናቷ ሙያ ስትኮራ።

ሁሉም ችግር ተፈቷል ግን አልልም። ሥራውም መኝታውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጭሱ ዓይናቸውንና ደረታቸውን እየጎዳው ነው። ይህ በእትዬ ትጋት ብቻ የሚፈታ አይደለም። ለብዙዎቹ የሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች የጋራ መሥሪያ ቦታና ጭስ የሚቀንስ ምድጃ ያስፈልጋቸዋል። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ፣ ሙያው ያላችሁ መሐንዲሶችም፣ እባካችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ማዘዝ ለምትፈልጉ፦ ሰፈሩ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ብዙ ዕቃ ከሆነ ግማሹን ቀብድ ክፈሉ፤ ቀብዱ እንጨት ይሆናል፣ ከአበዳሪ ያድናቸዋል። ለአዲስ ዓመት የምትፈልጉትን ሰኔ ሳይገባ እዘዙ። ዋጋ ጠይቁ፣ ተነጋገሩ፣ ግን እንደ ጉልት ዕቃ ግማሽ በግማሽ አታውርዱባቸው፤ አንድ ድስት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የእትዬን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል፣ እልክላችኋለሁ። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።