ሚኒሞው የሚዋዥቅ አሮጌ መኪና፦ ሳይለካ ዕቃ የሚቀይር ጋራዥ አትመኑ

አገር ቤት ለእረፍት መጥታችሁ የቤተሰብ አሮጌ መኪና ጋራዥ ማስገባት ግድ ሲሆንባችሁ፣ ማንም ሰው ሞተሩን ሳይለካ ዕቃ እንዲቀይር አትፍቀዱ። የመጀመሪያው ጋራዥ ያስከፈለኝ ሁሉ አላስፈላጊ ነበር፤ ያበሳጨኝም ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

መኪናው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለው ኮሮላ ነው። ዲስትሪቡተር አለው፤ ዘመናዊ የኮምፒውተር ማንበቢያ ሶኬት የለውም። ምልክቱ ግልጽ ነበር። ሲቀዘቅዝ ሚኒሞው (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከፍ ብሎ ጸጥ ይላል። ሲሞቅ ግን በደቂቃ ከ900 ዙር ወደ 1800 ይወጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይወጣል፤ እግር ፔዳሉን እስኪነካ ድረስ አያቆምም።

ጋራዡ ካንዴላ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። የካንዴላ ሽቦ ቀየረ፣ የነዳጅ ፊልትሮ ቀየረ፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ። በየመሀሉ «ነገ ይደርሳል»። ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ ይቀየሩ ተባለ፤ እምቢ አልኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮፈኑ ስር አንድም መለኪያ አልገባም። እኔ በምኖርበት አገር መካኒክ ከመንካቱ በፊት የተጠረጠረውን ነገር በጽሑፍ ይሰጣል፤ እዚህም ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ካንዴላው እንዳልሆነ ከድምፁ ብቻ መታወቅ ነበረበት። አንድ ሲሊንደር የማይተኩስ ከሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ዙሩ ግን እዚያው ዝቅ ብሎ ይቆያል፣ ማርሚታው ጫፍ ላይም የተቆራረጠ ድምፅ ይሰማል። በእኩል ምት የሚወጣና የሚወርድ ዙር ሌላ በሽታ ነው። ትሮትሉ (በፔዳሉ እየተከፈተ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) ሲዘጋ የሞተሩ ኮምፒውተር «ነጂው እግሩን አንስቷል፣ መኪናው ቁልቁል እየተንከባለለ ነው» ብሎ ያስባል። ዙሩ ከተወሰነ ልክ በላይ ከሆነ ነዳጅ ይቆርጣል። ዙሩ ይወድቃል፣ ነዳጁ ይመለሳል፤ የማይፈለግ አየር እየገባ ስለሆነ ዙሩ እንደገና ልኩን ያልፋል፤ እንደገና ይቆረጣል። ሲቀዘቅዝ የማይዋዥቀው የመቁረጫው ልክ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ከፍ ስለሚል ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ነዳጁ የት ጎደለ ሳይሆን ትርፉ አየር ከየት ገባ ነው።

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው «ጥገና» ነበር። የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን በካቻቢቴ አጥብቀው ምላሱን፣ ማለት አየሩን የሚዘጋውን ጠፍጣፋ ብረት፣ ትንሽ ከፈቱትና መዋዠቁ ጠፋ። ተስተካከለ ብለው ሂሳብ ጠየቁ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ምላሱ ከፍ ሲል የትሮትል ሴንሰሩ ውስጥ ያለው የሚኒሞ ስዊች ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩም እግር መነሳቱን አያውቅም። ነዳጅ መቁረጡን ይተዋል፣ ሚኒሞ መቆጣጠሩንም አብሮ ይተዋል። ዙሩ 1500 ላይ ሳይወርድ ይቀራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ መያዝ ያቅተዋል፣ ፍሬኑ ይግላል። ይህ ብሎን ከፋብሪካ የተለካ ነው፣ የሚኒሞ ማስተካከያም አይደለም። ሲነካ ካያችሁ አስቁሙ።

ሁለተኛው መካኒክ አንድ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ የውሃ መርጫና የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ) ይዞ መጣ። ውጭ አገር ቢሆን አየር የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ጭስ የሚነፋ ማሽን ይሰኩ ነበር፤ እሱ ያለዚያ ማሽን ጨረሰው። እንዲህ ያለ ባለሙያ አገሬ ውስጥ መኖሩ ደስ ይላል።

መጀመሪያ የዲያግኖስቲክ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ከፍቶ፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱን ብልጭታ ቆጠረ። ቁጥሩ የተበላሸውን ክፍል ይናገራል፦ 22 የሞተር ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የማኒፎልድ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ግፊት ሴንሰር፣ 41 የትሮትል ሴንሰር ነው። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ካለ የተመዘገበ ስህተት የለም፤ የኛም እንዲያ ነበር። ከዚያ ብሎኑን ወደ ቦታው መለሰ፤ መዋዠቁም ተመለሰ። ምልክቱ ሳይኖር መመርመር ስለማይቻል ይህ ትክክል ነው።

ሞተሩ እየሠራ የትሮትሉን አፍ በጠፍጣፋ ላስቲክ ደፈነ። ጤነኛ ሞተር ወዲያው ይጠፋል። የኛ አልጠፋም፤ ስለዚህ አየሩ የሚገባው ከትሮትሉ በኋላ ነው፣ አየሩን ከዚያው አፍ የሚወስደው የሚኒሞ ቫልቭም ከጥርጣሬ ወጣ። ቀጥሎ ወደ ማኒፎልዱ የሚሄዱትን ቱቦዎች አንድ በአንድ፣ በማኒፎልዱ በኩል ባለው ጫፍ፣ በፒንሳ ቆነጠጠ። የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዘው ክፍል) ቱቦ ሲቆነጠጥ ምንም መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ሰርቮው ያፈሳል። የክራንክኬዙ (የሞተሩ የታችኛው ሆድ) መተንፈሻ ቱቦ ሲቆነጠጥ ዙሩ ጥቂት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የኛ ግን ጨርሶ ረጋ። ቱቦው ከታች በኩል፣ ክርኑ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲሞቅና ሲለሰልስ ስንጥቁ ይከፈታል። ጥፋቱ ያ የላስቲክ ቁራጭ ብቻ ነበር።

የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን ለማጣራት ውሃ ረጨበት። ብዙዎች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ይህ እሳት መጥራት ነው። ውሃው ስንጥቁን ለጊዜው ሲደፍነው ዙሩ ይለወጣል፣ ያ ይበቃል።

ስለ ጌጁ አንድ ነገር ላክል። 17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚባለው ጤነኛ ንባብ በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ከፍታ ቦታ ላይ 12 አንብቦ «ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይውረድ» የሚላችሁን አትስሙ። ይልቅ መርፌው መርጋቱን እዩ፤ በእኩል ልዩነት ዝቅ እያለ የሚመለስ መርፌ ቫልቭ ያስጠረጥራል።

ቱቦ ሁሉ ደህና ሆኖ መዋዠቁ ከቀጠለ ራዲያተሩን እዩ። ውሃ ሲጎድል ወይም አየር ሲታመቅ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ተጨማሪ አየር የሚያስገባውና በሙቅ ውሃ የሚዘጋው የሰም ቫልቭ፣ ባለባቸው ሞተሮች ላይ፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የቶዮታ የሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ችግሩ መዋዠቅ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ከሆነ ደግሞ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ሲነቀል ዙሩን የማይቀንሰው ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። እዚያ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካ። ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት፤ ከፍ ካለ ፒስተን ቀለበት፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ቱቦው ከተቀየረ በኋላ መካኒኩ የሚኒሞ ስዊቹ ትሮትሉ ሲዘጋ መዝጋቱን በቴስተር አረጋገጠ፣ የሳጥኑን ሽቦ መልሶ አገናኝቶ ኢግኒሽኑን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) 10 ዲግሪ ላይ አየና ሽቦውን አወጣ። ሽቦው ተረስቶ ከቀረ ኮምፒውተሩ ኢግኒሽኑን አያስተካክልም፤ ስለዚህ መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ሳጥኑን ከፍታችሁ እዩ፣ የወለቀውን አሮጌ ዕቃም ሁሉ ተቀበሉ።