ክንድ ለማንቀሳቀስ የትኛው ይሻላል? ፎቶሾፕ፣ አፊኒቲ፣ ጊምፕ ወይስ ፎቶፒ

ፎቶ ላይ ያለ ሰው ክንዱን ዝቅ እንዲያደርግ፣ እግሩን እንዲያጥፍ ማድረግ የሚችል ሶፍትዌር ዛሬ ብርቅ አይደለም። ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩ፦ ክንዱ ደረት ላይ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ከቦታው ሲነሳስ የሚተወው ክፍተት በምን ይሞላል?

ፎቶሾፕ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከወጣው ሲኤስ5 ስሪት ጀምሮ ፐፔት ዋርፕ የሚባል መሣሪያ አለው። ምስሉ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ ላይ ፒን ይተክላሉ፤ አንዱን ሲጎትቱ ሌሎቹ ባሉበት ይጸናሉ። ሞዱን ሪጂድ (ግትር) ላይ ካላደረጉት ክንዱ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ትልቁ ብልጫው የፒን ጥልቀት ነው፦ ክንዱ ከደረት ፊት ይለፍ ወይስ ከኋላ የሚለውን በአንድ ቁልፍ ይወስናሉ። ሌየሩን (የምስሉን ንብርብር) አስቀድመው ስማርት ኦብጀክት፣ ማለትም ለውጡ በኋላም ሊስተካከል የሚችል ንብርብር፣ ካደረጉት ደግሞ ደንበኛ ሐሳቡን ሲቀይር (መቀየሩ አይቀርም) ፒኖቹን ከተተከሉበት ያገኟቸዋል። ክፍተቱን በራሱ የሚሞላው ኮንቴንት አዌር ፊል የተባለው መሣሪያም አብሮ አለ። ችግሩ ኪራይ መሆኑ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ፕሮግራሙም ይዘጋል።

አፊኒቲ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ክፍተት መሙያ ብሩሹ ግሩም ነው። ነገር ግን ምስል የሚያጣምሙት መሣሪያዎቹ፣ ሜሽ ዋርፑም ሊኩዊፋዩም፣ ልብስ ለማስተካከል፣ ወገብ ለመቅረጽ እንጂ ክርን ለማጠፍ የተሠሩ አይደሉም። ክርን በሜሽ ያጠፈ ሰው አጥንት የሌለው ክንድ ይዞ ይቀራል።

ጊምፕ ነፃ ነው፣ ትዕግሥት ግን ያስከፍላል። በ2012 የመጣው ኬጅ ትራንስፎርም የሚፈልጉትን አካል በነጥቦች ከበው ማዕዘኖቹን የሚስቡበት ነው፤ ለጅራትና ለቀጭን እግር እኔ እሱን እመርጣለሁ። በ2.10 ስሪት በሙከራ ደረጃ የተጨመረው ኤን ፖይንት ዲፎርሜሽን ለፐፔት ዋርፕ ይቀርባል፣ ትልቅ ፎቶ ላይ ግን ይንቀራፈፋል። አንዴ ካጸደቁት ወደ ነጥቦቹ መመለስ ስለሌለ ሌየሩን ሳያባዙ አይጀምሩ። ክፍተቱንም፣ ተጨማሪ ፕለጊን ካልጫኑ በቀር፣ ከሌላ ቦታ ቀድተው በሚለጥፉት ክሎንና ሂል በተባሉት መሣሪያዎች በእጅዎ ይደፍኑታል።

ፎቶፒ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል፣ የሚጫን ነገር የለውም፤ ማስታወቂያ ከታገሡ ገንዘብ አይጠይቅም። ፐፔት ዋርፕ አለው፣ ስማርት ኦብጀክትም አለው፣ ኮንቴንት አዌር ፊል የተባለውም አለው፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። በጣም ከባድ ፋይል ላይ ብራውዘሩ ይጨነቃል።

አልፎ አልፎ አንድ ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው ታዲያ የፎቶሾፕ ኪራይ አይታየኝም። ክንዱን በጥንቃቄ ቆርጠው የራሱ ሌየር ላይ ካወጡት፣ ከደረት ፊትም ኋላም ማሳለፍ በፎቶፒም በጊምፕም የሌየር ቅደም ተከተል መቀየር ብቻ ይሆናል። በየቀኑ ብዙ ፎቶ የሚያወጣ ስቱዲዮ ግን በየፎቶው ክንድ ሲቆርጥ ይመሽበታል፤ የፎቶሾፕ የፒን ጥልቀት ኪራዩን የሚመልሰው እዚያ ነው።