ስም የሌላቸው ድንጋዮች፦ ሚዛን ልግዛ፣ አጉሊ መነጽር፣ የጨረር ባትሪ ወይስ አፕ?

ጣሳዋን የገዛሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ለቱሪስት ዕቃ ይሸጥ የነበረ አንድ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ያለውን ሲያራግፍ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ናት። ውስጧ 27 ድንጋይ አለ። ሁሉም በማሽን ተንከባሎ እንደ ከረሜላ የለሰለሰ፣ አንዱም ላይ ስም ያልተጻፈበት። አንዱን አንስቼ "ይሄ ምንድነው?" ስለው ልጁ "ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው" አለኝ። "ኦርጅናል ምን?" "ኦርጅናል ድንጋይ ነዋ!" ሳቅንና ከፈልኩ። በኋላ ሲጣራ አራቱ ድንጋይም አልነበሩም፣ ብርጭቆ ናቸው።

ችግሩ ማለስለሱ ነው። ጥሬ ድንጋይ ማንነቱን አይደብቅም፦ ኳርትዝ ባለ ስድስት ጎን ሆኖ ያድጋል፣ ፍሎራይት ብዙ ጊዜ ኩብ ኩብ ይሠራል፣ ካልሳይት ሲሰበር ጎኑ ዘመም ያለ ሳጥን ይወጣዋል። ሲሊከን ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ መፋቂያ ዱቄት ጋር በርሜል ውስጥ ለሳምንታት ሲንከባለል ግን ይሄ ሁሉ ይፋቃል። የሚቀራችሁ ቀለሙ፣ ክብደቱና ውስጡ ነው። ከሦስቱ ደግሞ ቀለም ዋናው ቀጣፊ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ልግዛ ብላችሁ ከተነሳችሁ ከአራት ነገር አንዱን ነው የምትመርጡት። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያስጠጓት አጉሊ መነጽር፣ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ወይም ፎቶ አይቶ ስም የሚነግር የስልክ አፕ። አራቱንም ሞክሬያለሁ። ብይኔን ከወዲሁ ልናገር፦ ቤቱ ጣሳ ሙሉ ድንጋይ ያለው ሰው ሚዛን ያስቀድም። ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የሚገዛ ሰው አጉሊ መነጽር ኪሱ ይክተት። ባትሪው ይቆይ። ለአፕ አምስት ሳንቲም አታውጡ።

ሚዛኑን ያስቀደምኩት እንዲህ ስለሆነ ነው። ከጣሳዋ ውስጥ ሦስት ሐምራዊ ድንጋዮች ነበሩ። እህቴ እንኳን ለይታ ልታያቸው አልቻለችም፣ እሷ ደግሞ ሁለት የሚመሳሰሉ ነጠላዎችን ከሩቅ የምትለይ ሰው ናት። ሦስቱንም አሜቲስት (ሐምራዊ ኳርትዝ) ብላችሁ ብትሸጡልኝ ዓይኔን ጨፍኜ እገዛችሁ ነበር። ተራ የፕላስቲክ ኩባያ በውኃ ሞላሁና ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ዜሮ መለስኩት። ከዚያ ድንጋዩን በቀጭን ክር አስሬ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ያን ጊዜ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር የድንጋዩ ክብደት ሳይሆን ድንጋዩ ቦታውን የወሰደበት ውኃ ክብደት ነው። 1 ግራም ውኃ ማለት 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ የድንጋዩን ይዘት አገኛችሁ ማለት ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚህ ቁጥር ታካፍላላችሁ። ትምህርት ቤት እፍግታ ሲሉን የነበረው፣ ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ነገር፣ እሱ ነው። የድንጋይ ዓይነት የየራሱ እፍግታ ስላለው ቁጥሩ ማንነቱን ይጠቁማል።

የመጀመሪያው ደረቁን 18.42 ግራም፣ ውኃው ውስጥ 6.95። ሲካፈል 2.65 ይመጣል። ይሄ የኳርትዝ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ አሜቲስት። ሁለተኛው 14.61 ለ4.59፣ ውጤቱ 3.18። ፍሎራይት! ሦስተኛው 16.05 ለ6.42፣ ልክ 2.50። ይሄኛው ላይ ብርጭቆ ብዬ ጠረጠርኩ፣ አጉሊ መነጽሩ በኋላ አረጋገጠልኝ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስት ተመሳሳይ ድንጋይ ሦስት የተለያየ ነገር ሆነ።

ሚዛን ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ሊጥ የሚመዘንበት፣ 1 ግራም 1 ግራም የሚቆጥረው ለዚህ ሥራ አይረባም። እስከ 0.1 ግራም የሚለየውም ለትልልቅ ድንጋይ ካልሆነ ያሳስታል። 5 ግራም ድንጋይ ይዘቱ 1.9 አካባቢ ነው። ሚዛኑ ወደ 1.8 ወይም ወደ 2.0 ቢዛነፍ ውጤታችሁ ከ2.78 እስከ 2.50 ይዋዥቃል፣ ማለትም ኳርትዝና ብርጭቆን መለየት ቀረ። 0.01 ግራም የሚለየውን ግዙ። የዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚችለው 200 ግራም ድረስ ስለሆነ ኩባያችሁ ቀላል ይሁን፣ ውኃውም ግማሽ ኩባያ ያህል ይበቃል። ድንጋዩ ላይ የተጣበቁ የአየር አረፋዎች ውጤቱን ያበላሻሉ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያስለቅቃቸዋል። ሚዛን ለመግዛት ካልጨከናችሁ ደግሞ የምትተዋወቁት ወርቅ ቤት ካለ ኩባያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያደረግኩት፣ ሰውየው እብድ መስዬው ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጣሳዋን ቤት እንዳደረስኩ ድንጋዮቹን በሙሉ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ አደርኩ፣ አቧራው ይልቀቅ ብዬ። ጠዋት ሳይ አንዱ፣ ትላንት አረንጓዴና ቀይ እሳት ሲረጭ የነበረው፣ ፏ ያለ ባዶ ብርጭቆ መስሏል። ቀለሙ የለም። ልቤ ዝቅ አለ። ኦፓል ነበር፣ የወሎ ኦፓል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ዓለም ያወቀው ይሄ ድንጋይ ብዙው ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ብርሃን ያስተላልፋል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል። የኔው በአምስተኛው ቀን ተመለሰ፣ እኔ ግን አምስቱንም ቀን እየሄድኩ ሳየው ነበር የከረምኩት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። የውኃውን ፈተናም በኦፓል ላይ አትሞክሩ፤ ውኃ እየጠጣ ስለሆነ ቁጥሩም ውሸት ነው። ቅባትና አሴቶንማ (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) በጭራሽ አታስነኩት። ሻጮች ምላሳቸውን ነካ አድርገው የሚለዩት ለዚሁ ነው፣ ውኃ የሚጠጣው ምላስ ላይ ይጣበቃል። ደስ የሚል ዘዴ አይደለም፣ ግን ይሠራል።

ሚዛን የማያየውን አጉሊ መነጽር ያያል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃችኋል። ላዩ ላይ 30 ተብሎ ታትሞበት በተግባር 10 ገደማ የሚያጎላ ሞልቷል፣ በቁጥሩ አትታለሉ። መነጽሩን ዓይናችሁ ላይ አስጠጉና ድንጋዩን ወደ መነጽሩ አምጡት፣ ተቃራኒውን የሚያደርግ ሰው ምንም አይታየውም። ከጣሳዋ አንድ ቡናማ፣ በወርቃማ ብልጭታ የተሞላ ድንጋይ ነበር፣ ለዓይን ከሁሉም የሚያምረው። ሳየው ብልጭታዎቹ ሦስት ማዕዘንና ስድስት ማዕዘን የሆኑ ልሙጥ የመዳብ ቅጠሎች ናቸው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የተዘሩ። ሰው የሠራው ብርጭቆ ነው። ያ 2.50 የወጣው ሐምራዊ ደግሞ ውስጡ ክብ ክብ አረፋ አለው፣ ልክ አምቦ ውኃ ሲከፈት እንደሚታየው። ድንጋይ ውስጥ እንዲህ ድቡልቡል ያለ አረፋ ካያችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። ኦፓል ተብሎ የሚሸጥ፣ ነጣ ብሎ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ብርቱካናማ የሚሆን ነገር አለ፤ እሱም ብርጭቆ ነው። ኦፓል ስታዞሩት ቀለሙ ቦታ ይቀያይራል፣ ይሄኛው አይቀያይርም።

አጌት (ብዙ ጊዜ ባለ መስመር የሆነ የኳርትዝ ዓይነት) ላይ ደግሞ ስንጥቆቹን ተመልከቱ። ደማቅ ሮዝ ወይም የእስክሪብቶ ሰማያዊ የሆነ አጌት ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ጠቆር ብሎ ከተጠራቀመ የተነከረ ነው። አጌትነቱ እውነት ነው፣ ቀለሙ ነው የውሸት፣ ዋጋው ላይ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ቢጫ ሲትሪን የሚባለውም አብዛኛው በእሳት የተጋገረ አሜቲስት ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑም መነጽሩም ብዙ አይረዷችሁም፤ ሚዛኑ 2.65 ይላል፣ ኳርትዝ ስለሆነ አልዋሸም።

የአልትራቫዮሌት ባትሪ ማታ ልጆችን ሰብስቦ ለማስደነቅ ነው እንጂ ለመለየት ብዙም አያራምድም። የርካሹ ጨረር የሞገድ ርዝመት 395 ናኖሜትር ነው፣ ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ ሁሉም ነገር ሐምራዊ ይመስላል። መግዛታችሁ ካልቀረ 365 የሚለውን ፈልጉ፣ ወደ ዓይንም አታብሩት። ፍሎራይት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ይበራል፣ ካልሳይት አንዳንዱ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ። ኳርትዝ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። "ብዙ ጊዜ" እና "አንዳንዱ" የሚበዛበት መሣሪያ ይዞ ገበያ መውጣት ያስቸግራል፤ ያልበራ ፍሎራይት ፍሎራይት አይደለም ማለት አትችሉም።

አፑን በአንድ ድንጋይ ልጨርሰው። ያንኑ 3.18 የወጣውን ፍሎራይት መስኮት አጠገብ ፎቶ አነሳሁት፣ አሜቲስት አለኝ። ገልብጬ አነሳሁት፣ ብርጭቆ። ማታ በአምፖል፣ ጃስፐር። ጃስፐር እኮ ብርሃን አያሳልፍም! ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ ጠየቀኝ።

ሳትገዙ ቤት የምታገኙትን ደግሞ አትናቁ። ሴራሚክ ሲነጠፍ የተረፈ ቁራጭ ካለ ጀርባውን፣ ያልተቀባውን፣ ተጠቀሙ። ጥቁሩን የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ስጭርበት እንደ ደም ያለ ቀይ ቡናማ መስመር ተወ፣ ሄማታይት ነው። ሚዛኑ 5.2 ብሎኝ ስለነበር ማግኔታይትም ሊሆን ይችል ነበር፣ የዚያ መስመር ግን ጥቁር ነው። "ማግኔታማ ሄማታይት" ተብሎ እርስ በርሱ የሚጣበቀው ፋብሪካ የሠራው ነው። ሰማያዊ ድንጋይ ቱርኩዋዝ ነው ካሏችሁ ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክራችሁ ጥግ ላይ እሹት፤ የኔው ጥጡን ሰማያዊ አደረገው፣ ሃውላይት የሚባል ነጭ ድንጋይ ቀለም ተነክሮ ነበር። ካልለቀቀ ግን ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፣ ላዩ በማሸጊያ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። በመርፌ መጫር የሚባለው ይሠራል፣ ፍሎራይትና ካልሳይት ይጫራሉ ኳርትዝ አይጫርም፣ ነገር ግን የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ጠባሳ ትቶ ስለሚሄድ በሰው ዕቃ ላይ አታድርጉት።

አንድ ነገር ቀረኝ። 27ኛው ድንጋይ ጥቁር ግራጫ፣ ላዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለው ነበር። በጣም ወድጄው ስለነበር ለመጨረሻ አቆየሁት። 22.04 ለ7.60፣ 2.90 ወጣ። በመነጽር ሳየው ነጠብጣቦቹ ድሮ የአየር ቀዳዳ የነበሩ፣ በኋላ በነጭ ማዕድን የተሞሉ ናቸው። ባዛልት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት፣ እኛ ሰፈር እስከ ሐይቁ ድረስ ኮብልስቶን ተደርጎ የተነጠፈው። ደጄ ላይ በነፃ ስረግጠው የኖርኩትን አስለስልሰው ሸጡልኝ።