ለመላው ቤት የሚሆን ገመድ አልባ የሙዚቃ ሥርዓት፦ ምኑን አይቶ መምረጥ?

አንድን ሙዚቃ በሁሉም ክፍሎች በአንድ ጊዜ፣ ወይም በየክፍሉ የተለያየ ሙዚቃ፣ ከአንድ ስልክ እየተቆጣጠሩ ለመስማት የሚያስችሉ ገመድ አልባ ሥርዓቶች ዛሬ በዓይነትም በአምራችም በዝተዋል። ማስታወቂያዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በስፒከሩ የድምፅ ጥራት ላይ ነው። የተለያዩ ሥርዓቶችን እየተጠቀምኩ ካነጻጸርኩ በኋላ የያዝኩት አቋም ግን ከዚህ ይለያል። ገዢ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ስፒከሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር ለስንት ዓመት ድጋፍ እንደሚያገኝና ከሌሎች አምራቾች ዕቃዎች ጋር ምን ያህል እንደሚግባባ ነው፤ የድምፅ ጥራት ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጥንቃቄ የተያዘ ስፒከር ለረጅም ዓመታት ያገለግላል፤ በውስጡ የተገጠመው የኔትወርክ ክፍል ግን አምራቹ ድጋፉን ባቆመ ማግሥት ማርጀት ይጀምራል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብሉቱዝን ነው። ብሉቱዝ ለአንድ ክፍልና ለአንድ ስፒከር ምቹ ቢሆንም ለመላው ቤት አይበቃም። የተለመዱት የስልክና የስፒከር ብሉቱዝ መሣሪያዎች ተማምነው የሚገናኙት በ10 ሜትር አካባቢ ርቀት ውስጥ ሲሆን፣ መካከል ላይ ግድግዳ ሲገባ ርቀቱ ይበልጥ ያጥራል። በዚያ ላይ ድምፁ የሚያልፈው በስልኩ በኩል ስለሆነ የስልኩ ባለቤት ከቤት ሲወጣ ሙዚቃው ይቆማል፤ ስልክ ሲደወልም ይቋረጣል። በዋይፋይ የሚሠሩት ሥርዓቶች አብዛኞቹ አካሄዳቸው ሌላ ነው፦ ስልኩ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ሙዚቃውን ግን ስፒከሩ ራሱ ከኢንተርኔት ወይም በቤት ውስጥ ካለ ማከማቻ ይቀበላል።

የእነዚህ ሥርዓቶች ትልቁ የምህንድስና ፈተና በየክፍሉ ያሉትን ስፒከሮች እኩል ማስኬድ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር የሙዚቃውን ናሙናዎች (ድምፁ የተመዘገበባቸውን ቁጥሮች)፣ በሲዲ ጥራት ከሆነ በሰከንድ 44,100 ናሙናዎችን፣ ወደ ድምፅ የሚለውጠው በራሱ የኳርትዝ ሰዓት እየተመራ ነው፤ ሁለት ኳርትዞች ደግሞ ፍጹም እኩል አይሄዱም። በመካከላቸው በሚሊዮን 100 ያህል ብቻ ልዩነት ቢኖር፣ አብረው የጀመሩ ሁለት ስፒከሮች ከ5 ደቂቃ በኋላ በ30 ሚሊሰከንድ ይለያያሉ፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ልዩነቱ 360 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ጆሮ ጥቂት ሚሊሰከንዶች ብቻ ዘግይቶ የመጣን ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር አዋህዶ ይሰማዋል፤ መዘግየቱ ጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶችን ሲያልፍ ግን እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ በሚገባ የተሠራ ሥርዓት የስፒከሮቹን ሰዓቶች ያለማቋረጥ ያስተካክላል፤ ሙዚቃውንም አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀመ ሁሉም ስፒከሮች በተቆረጠላቸው ቅጽበት እንዲያሰሙት ያደርጋል። የማጫወቻው ምልክት ከተነካ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ የሚያልፈው አጭር ጊዜ አንዱ ምክንያቱ ይህ ማጠራቀም ስለሆነ፣ በራሱ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

ይህን ለመፈተሽ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት ስፒከሮችን በተጎራባች ክፍሎች አስቀምጬ በሩን እከፍትና የጭብጨባ ወይም የንግግር ቅጂ አጫውታለሁ፤ ከዚያም በሩ ላይ እቆማለሁ። ሙዚቃ ረዘም ያሉ ድምፆች ስለሚበዙበት ልዩነቱን ይሸፍናል፤ ጭብጨባ ግን ምንም አይሸፍንም። ሥርዓቱ ጥሩ ከሆነ እያንዳንዱ ጭብጨባ አንድ «ጧ» ብቻ ሆኖ ይሰማል፤ ደካማ ከሆነ ግን «ጧጧ» እያለ ይደጋገማል። የሚቆሙበት ቦታ ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል መራቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንደኛው ስፒከር ከሌላው በ7 ሜትር ቢርቅ በዚያ ብቻ የ20 ሚሊሰከንድ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህ ደግሞ የርቀቱ እንጂ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ፈተናውን ሙዚቃው ሳይቋረጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ መድገም ይገባል፤ ምክንያቱም ሲጀምሩ እኩል የነበሩ ስፒከሮች እየቆዩ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። መደብር ውስጥ በአምስት ደቂቃ ማሳያ ይህን ማወቅ ስለማይቻል፣ ዕቃው የመመለሻ ጊዜ ያለው መሆኑን ሳያጣሩ መግዛት አይመከርም።

ስለ ዋይፋዩ ደግሞ አንድ የተሳሳተ አመለካከት አለ፤ እርሱም ሙዚቃ ከፍተኛ የኢንተርኔት ፍጥነት ይፈልጋል የሚለው ነው። ያልታመቀ የሲዲ ጥራት ድምፅ የሚፈጀው በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ የሆነው (በእያንዳንዱ ናሙና 24 ቢት፣ በሰከንድ 192,000 ናሙናዎች) እጅግ ከፍተኛ ጥራት እንኳ ሳይታመቅ ከ10 ሜጋቢት አያልፍም። ችግሩ ያለው ግንኙነቱ ሳይቆራረጥ በመዝለቁ ላይ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ ይሻሙታል። የ5 ጊጋኸርዙ ንጹሕ ቢሆንም ሁለት ወፍራም ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። ስፒከሩ በመተግበሪያው ላይ አልታይ ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስልኩ በእንግዶች ኔትወርክ ላይ ሆኖ ስፒከሩ በዋናው ላይ መሆኑ፣ ወይም ራውተሩ በውስጡ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዳይገናኙ የሚከለክል ቅንብር ተደርጎበት መገኘቱ ነው። ስፒከር ከመቀየር በፊት እነዚህን ማየት ብዙ ወጪና ብዙ ንዴት ያድናል።

ወደ ሥርዓቶቹ ስንመጣ በመጀመሪያ የሚነሣው ሶኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ከተማ የተመሠረተው ይህ ኩባንያ የመጀመሪያ ዕቃውን በ2005 ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ ዘርፉን ለብዙ ቤቶች ያስተዋወቀውም እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ክፍሎችን በቡድን ማያያዝና መለየት፣ የቡድኑንም የየክፍሉንም የድምፅ መጠን መቆጣጠር እዚህ ላይ በጣም ቀላል ነው። የስልኩን ወይም የስፒከሩን ማይክሮፎን በመጠቀም ድምፁን ከክፍሉ ጠባይ ጋር የሚያስማማው ትሩፕሌይ የተባለው አሠራርም ከልብ የሚመሰገን ነው፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር የሚያወጣውን የታፈነ ዝቅተኛ ድምፅ በግልጽ ያጠራዋል።

ነገር ግን ያነሣሁትን የሶፍትዌር ጥያቄ በደንብ የሚያስረዳውም የሶኖስ ታሪክ ነው። ኩባንያው በ2020 መጀመሪያ ላይ የቀደሙ ዕቃዎቹ ከዚያ ዓመት ግንቦት በኋላ አዲስ ማሻሻያ እንደማያገኙ አስታወቀ፤ ከዚያም መተግበሪያው ለአሮጌዎቹና ለአዲሶቹ ተብሎ በሁለት ተከፈለ። ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ቤተሰብ ወይ ሥርዓቱን ለሁለት መክፈል ወይም ሁሉንም በአሮጌው መተግበሪያ ማቆየት ነበረበት። በግንቦት 2024 የወጣው አዲስ መተግበሪያ ደግሞ የተሰለፉ ዘፈኖችን እንደማስተካከልና የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪን የመሳሰሉ ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸውን አገልግሎቶች ሳይዝ በመምጣቱ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሣ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በጥር 2025 ከኃላፊነታቸው ተነሡ። የጎደሉት አገልግሎቶች ቀስ በቀስ ተመልሰዋል። ቢሆንም ስፒከሩ ሳይበላሽ፣ ገዢውም ምንም ሳይነካ፣ አንድ ማሻሻያ ብቻ የቤቱን ሙዚቃ ሊያውክ እንደሚችል ታይቷል። ሶኖስን ዛሬም ለአጠቃቀም ቀላልነቱ እመርጠዋለሁ፤ ነገር ግን ቤቱን በሙሉ በእርሱ ብቻ እንዲሞሉ ማንንም አልመክርም።

ጉግልም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። በ2015 ያወጣው ክሮምካስት ኦዲዮ ማንኛውንም አሮጌ አምፕሊፋየር የመላው ቤት ሥርዓት አካል የሚያደርግ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ድንቅ ዕቃ ነበር፤ ምርቱ ግን በ2019 ቆመ። በጥር 2022 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የንግድ ኮሚሽን ጉግል የሶኖስን የፈጠራ መብቶች ጥሷል ብሎ ሲወስን፣ ጉግል በቤት ውስጥ ስፒከሮቹ ላይ የቡድን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን ለመቀየር ተገደደና ተጠቃሚዎች የእያንዳንዱን ስፒከር መጠን ለየብቻ ማስተካከል ጀመሩ። በመጋቢት 2025 ደግሞ በውስጡ የነበረ የዲጂታል ምስክር ወረቀት (የዕቃውን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ፋይል) ጊዜው በማለፉ ክሮምካስት ኦዲዮ በየቤቱ በአንድ ጊዜ መሥራት አቆመ፤ ማስተካከያው እስኪለቀቅም ቀናት አለፉ። ዕቃው በራሱ ምንም አልሆነም ነበር።

ከአፕል መሣሪያ ድምፅን በዋይፋይ ወደ ስፒከሮች የሚልከው የአፕል ኤርፕሌይ 2፣ በአንድ አምራች ባለመታሰር ረገድ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ከ2018 ጀምሮ ብዙ አምራቾች በየዕቃቸው ስላካተቱት፣ የአንዱን ኩባንያ ስፒከር ከሌላው ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ማስገባት ያስችላል። ቤተሰቡ በሙሉ የአፕል ስልክ የሚጠቀም ከሆነ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ የቤተሰብ አባል ካለ ግን እርሱ ከሙዚቃው ይገለላል፤ ይህ በቤት ውስጥ እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም። በተጨማሪም ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በስልኩ በኩል በመሆኑ፣ ከብሉቱዝ ጉድለቶች አንዱ እዚህም በከፊል ይመለሳል።

ለድምፅ ጥራት ቅድሚያ ለሚሰጡ ሰዎች ብሉሳውንድ አለ። ብሉኦኤስ የተባለው ሥርዓቱ እስከ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ሲጫወት፣ የሶኖስ ጣሪያ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ነው። ይህ ልዩነት በማእድ ቤትም ሆነ በመታጠቢያ ቤት ምንም ትርጉም እንደሌለው በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ በሳሎንም ቢሆን ከናሙናው ብዛት ይልቅ የስፒከሩ አቀማመጥ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የብሉኦኤስ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ በቤት ማከማቻ ውስጥ የተጠራቀመ የራስ ሙዚቃን በደንብ ያስተናግዳል፤ እንደ ናድ ባሉ አምፕሊፋየሮችም ውስጥ ይገኛል። የያማሃ ሚዩዚክካስትና የዴኖን ሄኦስ ከእነዚህ አምራቾች አምፕሊፋየር ላለው ሰው ተገቢ ምርጫ ናቸው፤ ከዚያ ውጪ ለእነርሱ ሲሉ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማከብረው ስኩዊዝቦክስን ነው፤ ማጫወቻዎቹ ሙዚቃውን በቤት ኮምፒውተር ላይ ከሚሠራ አገልጋይ (ሰርቨር) ሶፍትዌር የሚቀበሉበት ሥርዓት ነው። ሎጂቴክ አምራቹን ኩባንያ በ2006 ገዝቶ ምርቱን በ2012 አቆመ፤ የኢንተርኔት አገልግሎቱንም በ2024 ዘጋ። በሌላ ሥርዓት ላይ ቢሆን ይህ የመጨረሻው ይሆን ነበር። የአገልጋዩ ሶፍትዌር ምንጩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ግን ፈቃደኞች ሊሪዮን ሚዩዚክ ሰርቨር በሚል ስም እያሻሻሉት ቀጥለዋል፤ አሮጌዎቹ መሣሪያዎችም እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችው ትንሿ ኮምፒውተርም የዚህ ሥርዓት ማጫወቻ መሆን ትችላለች። ለማዋቀር ትዕግሥትና ጥቂት የኮምፒውተር ዕውቀት ስለሚጠይቅ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም፤ ዕውቀቱ ላለው ግን የትኛውም ኩባንያ በርቀት ሊዘጋበት የማይችል ሥርዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ የምመክረው አደረጃጀት ክፍሎችን የሚለይ ነው። ቁጭ ተብሎ ሙዚቃ በሚደመጥበት ክፍል ገንዘቡ መዋል ያለበት ኔትወርክ በሌላቸው ጥሩ ስፒከሮችና በአንድ ጠንካራ አምፕሊፋየር ላይ ነው። ዋይፋዩን የሚያገናኘው ደግሞ እንደ ዊም ፕሮ ያለ ራሱን የቻለ ትንሽ ሣጥን ይሁን፤ ኤርፕሌይ 2ን፣ ጉግል ካስትን (ክሮምካስት የሚሠራበትን የጉግል አሠራር) እና ሊሪዮንን ስለሚያስተናግድ በአንድ ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች በሚግባቡበት ደንብ) አይታሰርም፤ ሲያረጅም ስፒከሮቹን ሳይነኩ እርሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ቦታ በሚጠብባቸው በማእድ ቤትና በመኝታ ቤት ሁሉንም በአንድ የያዘ ስፒከር ይመረጣል፤ ነገር ግን በሳሎኑ ሣጥን ላይ ያለውን አንዱን ፕሮቶኮል የሚጋራ መሆን አለበት፣ አለዚያ ሁለቱ ክፍሎች አብረው አይጫወቱም።

ሲገዙ ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ባትሪ ከሌለው በቀር እያንዳንዱ ስፒከር የኤሌክትሪክ ሶኬት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቦታውን አስቀድሞ መለካት ይገባል። በስፒከሩ ላይ በጣት የሚጫን ማቆሚያና የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ቢኖር ስልክ የሌላቸው ሕፃናትና አረጋውያንም ይጠቀሙበታል፤ እርጥብ እጅ የማይቀበለው የንክኪ ሰሌዳ ግን ለማእድ ቤት አይሆንም። ማይክሮፎን ያለው ስፒከር ለመኝታ ቤት የሚገዛ ከሆነ፣ ማይክሮፎኑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ በራሱ በዕቃው ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ቀን ከማሟላት ይልቅ በሁለት መጀመር ይሻላል፤ ሦስተኛው ክፍል ቢያንስ አንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ መጥቶ፣ ሁለቱ ስፒከሮች ከዚያ በኋላም በሩ ላይ በተደረገው የጭብጨባ ፈተና እኩል መሄዳቸው እስኪታይ ይጠብቅ።